የሽፋን ቀለም ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲሻገር ለምን ይደበዝዛል?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአዲስ ዓለም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። አንድ የግራፊክስ ዲዛይን ተማሪ የቤተ ክርስቲያኗንና የዙሪያዋን ዛፎች ፎቶግራፍ ለመጽሔት ሽፋን መረጠ እንበል። በስክሪኑ ላይ ያበራ የነበረው ደማቅ አረንጓዴ ታትሞ ሲመጣ ደብዝዞ ያገኘዋል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልሱን ከፊዚክስ እናገኛለን። ስክሪን ብርሃን አመንጪ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሲደመሩ ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የደረሰውን ያንጸባርቃል። በላዩ ያረፈው የኅትመት ቀለም ደግሞ ከዚያ ብርሃን ይቀንሳል፦ ሳያን ቀዩን፣ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ሰማያዊውን ይመጥጣል።

ስለዚህ አረንጓዴ የሚታተመው ሳያንና ቢጫን በማደራረብ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቀለማት ፍጹም ስላልሆኑ፣ ሊያሳልፉት ከሚገባው አረንጓዴ ብርሃንም ጥቂት ያስቀራሉ። የድብዛዜው ምክንያት ይህ ነው። ሦስቱ ተደራርበው ጥርት ያለ ጥቁር ስለማይሰጡም፣ ጥቁር ቀለም በአራተኛነት ይጨመራል።

ስፋትም ስሌት ይጠይቃል። 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽፋን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም፣ ምስሉ 2480 በ3508 ፒክስል ያህል ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ተማሪያችን ምስሉን ወደ አራቱ የኅትመት ቀለማት አስቀድሞ ይለውጥ፤ አንድ የሙከራ ቅጂም አሳትሞ በቀን ብርሃን ይመልከት። 1000 ቅጂ ከታተመ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ወረቀቱንም ገንዘቡንም አይመልስም።