የደንበኛን ስም ስለ ማስታወስ

በንግድ ሥራ ውስጥ ገንዘብ ሳይወጣበት የሚገኝ፣ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ቸል የሚባል አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም ደንበኛን በስሙ ዐውቆ መጥራት ነው። ባለሱቁ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣውን ገዢ በስሙ ጠርቶ ሲቀበለው፣ ገዢው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱም እንደ ተከበረ ይረዳል። ስሙ የተረሳበት ደንበኛ ግን በአፉ ምንም ባይናገር እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጎረቤት ሱቅ ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም።

ብዙ ሰዎች «እኔ መልክ እንጂ ስም አይዘኝም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ትሕትና ቢመስልም ጕዳት አለው። አልችልም ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ስም ሲነገረው ልብ ብሎ አያዳምጥም፤ ሳያዳምጥ ያሳለፈውንም ስም በኋላ ሲያጣው «አላልሁምን?» ይላል። ዕድሜና ድካም ስምን ከአንደበት እንደሚያዘገዩት እሙን ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የጠፋው ከገባ በኋላ ወጥቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ስላልገባ ነው። ወደ መዝገብ ቤት ያልገባ ደብዳቤ ቢፈለግ ከየት ይገኛል?

ለዚህ ነገር ማስረጃ የሚሆን አንድ ጥናት አለ። ማልኮልም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ሰዎችን በዙሪያ አስቀምጦ በየተራቸው ቃል እንዲያነቡ ባደረገ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ተራ ሊደርስ ሲል የተነበበውን ቃል አጥብቆ እንደማያስታውስ ተገነዘበ። ሐሳቡ ገና በሚናገረው ላይ ነበርና። እኛም ከአዲስ ሰው ጋር ስንተዋወቅ እጅ እየጨበጥን፣ የራሳችንን ስም እያዘጋጀን፣ ስለ ዋጋውም እያሰላሰልን የእንግዳው ስም በጆሯችን አጠገብ ያልፋል።

ሁለተኛው ችግር ስም ብቻውን ትርጕም የማይሰጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ «ቤከር» የሚለው ቃል እንደ ስም ሲነገር ይረሳል፤ ያው ቃል ዳቦ ጋጋሪ ተብሎ እንደ ሙያ ሲነገር ግን ይታወሳል። በዚህ ረገድ የአገራችን ነጋዴ ዕድለኛ ነው፤ ተስፋዬ፣ ብርሃኑ፣ ደስታ የሚሉት ስሞች ትርጕማቸው ግልጥ ነውና። ሆኖም ትርጕሙን ብቻ ይዞ ደስታን «ፍሥሐ» ብሎ መጥራት እንዳይመጣ፣ ቃሉንም በትክክል መያዝ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ስሙ ሲነገር ሌላውን ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ መግታት፤ ወዲያው «እንደምን ዋሉ፣ አቶ እገሌ» ብሎ በስሙ መመለስ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ቀጥሎም ማታ፣ ከዚያም በማግሥቱ ስሙን በልብ ማንሣት ነው። ላንዳወርና ብዮርክ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ የማስታወሻውን ጊዜ ቀስ በቀስ ማራራቅ ስምን ያጸናል። ስሙ የጠፋ እንደሆነም «ወዳጄ፣ ጌታዬ» እያሉ ከመሸፋፈን ይልቅ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ስምዎን እንደገና ይንገሩኝ» ማለት ክብር እንጂ ነውር የለበትም።

ማስታወሻ ደብተርም አይናቅ። ስሙ ከነአባቱ፣ ከሥራውና ከከተማው ጋር ይጻፍ። በዱቤ መዝገብ ላይ «ከበደ» ብቻ ተብሎ የሰፈረ ዕዳ፣ ሁለት ከበደዎች ባሉበት ሰፈር ጠብ ያመጣል፤ ንጹሑም ሰው ባልበላው ዕዳ ይጠየቃል።

አስመጪዎችና ላኪዎች ደግሞ የየአገሩን የስም ሥርዓት ሊለዩ ይገባል። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ዘንድ በመጨረሻ የሚጻፈው የቤተ ሰብ ስም ነው፤ በቻይናውያን ዘንድ ግን የቤተ ሰብ ስም ይቀድማል። ይህን ያልለየ ጽሕፈት ቤት የአንዱን ሰው ደብዳቤ በሁለት ፋይል ያስቀምጣል፤ መልሱም ይዘገያል።

ስምን መያዝ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ልዩ ተሰጥኦ አይደለም። «አይዘኝም» የሚለውን ቃል ትቶ፣ በፊቱ ለቆመው ሰው አንድ አፍታ ሙሉ ልቡን የሚሰጥ ነጋዴ ስሙንም ደንበኛውንም ይይዛል።