የድመትን ልጅ ስለ ማሳደግ

በመንዝ ደጋ ገብስ ባለበት ቤት አይጥ አይታጣምና ድመት ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ትቆጠራለች። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል። በሥራ ምክንያት ወደዚያ ሄዶ ቤት የተከራየ ወጣት፣ ጎረቤቱን የድመት ልጅ ከመለመኑ በፊት ጥቂት ነገር ማወቅ ይገባዋል እንላለን።

የድመት ልጅ ስትወለድ ክብደቷ 100 ግራም ያህል ነው። ዓይኗ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገለጣል፤ ይሁን እንጂ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የገዛ ሰውነቷን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አትችልም። ዓይኗ ተገልጦ ስትንፏቀቅ ያየ ሰው አድጋለች ብሎ ይወስዳታል፤ ለሞት የሚዳርጋትም ይኸው ችኮላ ነው። እስከ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋር መቆየት አለባት። እናቲቱ ይዛ በምታመጣው አይጥ እየተጫወተች አደን የምትለማመደው በዚሁ ጊዜ ነውና፣ ቸኩሎ የወሰዳት ሰው ጎተራውንም ይጎዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት የሰው እጅ ያልነካት ድመት ሰውን እንደ ሸሸች ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ ወጣቱ ማታ ማታ ወደ ጎረቤቱ ብቅ እያለ ቢደባብሳት መልካም ነው፤ በዚያውም ቡናው አይቀርበትም።

ድመት ወደ ሰው የቀረበችው እህልን ተከትሎ በመጣው አይጥ ምክንያት እንደሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ያህል የሆናት ድመት መገኘቷ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ተገልጧል። ስትሞት ዕድሜዋ 8 ወር ገደማ ነበረ።

የላም ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውሃና በጥቂት በጥቂቱ የተቀቀለ ሥጋ ይሻላል። ለመኝታዋም ከበግ ጠጉር የተሠራ አሮጌ ባና ከተገኘ ሌላ አያሻትም። የአይጥ መርዝ ግን ከቤት ይውጣ፤ የተመረዘውን አይጥ በልታ እርሷም ትሞታለችና።

በ6 ወር ገደማ ራሷ ለመውለድ ትደርሳለች፤ እርግዝናዋም 9 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ግልገሎቹን ሜዳ ላይ መጣል ጭካኔ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ሊያመክናት ይችላል። የእብደት በሽታ ክትባትም አይቅር። ድመት አብዳ ሰው ትነክሳለች። በዚያው በመንዝ በጓሳ ሜዳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በዓለም የቀረው 500 ያህል ብቻ ሲሆን፣ በባሌ ተራሮች ብዙውን የፈጀው ከቤት ውሻ የተጋባበት ይኸው እብደት ነው።