ከሬቲሮ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ጥንታዊው መናፈሻችን የት ነው?

ማድሪድ የሄደ ሰው ሬቲሮ የሚባለውን መናፈሻ ሳያይ አይመለስም። መጀመሪያ የስፔን ነገሥታት የግል መዝናኛ ነበር፤ ለከተማው ሕዝብ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። እሺ፣ እኛስ? ቤተ መንግሥት ያልተከለው፣ ግን ከብዙዎቹ የአውሮፓ መናፈሻዎች የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አረንጓዴ ቦታ አለን። ለማየት ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሐይቅ ከተማ ውረዱ።

እዚያ ሁለት ሐይቆች ታገኛላችሁ። አንዱ ሎጎ ነው፤ ሌላው ከእሱ ከፍ ብሎ የተኛው አርዲቦ። ሎጎ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተገናኝቶ ዛሬ በእግር ይገባበታል።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ እንደ ሬቲሮ “የሕዝብ” ማለት ያስቸግራል። ብዙዎቹ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ወሎ ውስጥ በመስጊድና በመካነ መቃብር ዙሪያም አሮጌ ዛፎች አይነኩም። የዋርካ ጥላማ ሸንጎም ማረፊያም ነው።

ታዲያ እነዚህ ዛፎች ምን ያህል ያስፈልጉናል? ደን ቢቆረጥም ዘሩ አፈር ውስጥ ስላለ ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለአረም እውነት ነው። የደጋ ዛፎቻችን ግን እንደዚያ አይደሉም። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ በደኖቻችን አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር ሲያጠኑ ያገኙት በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እምብዛም የለም። የዛፎቹ ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። እናት ዛፏ ካለቀች፣ ፍሬዋን በልቶ ሌላ ቦታ የሚጥል ወፍ ቢኖርም የሚያነሳው ነገር የለም። ደኑ በራሱ አይመለስም ማለት ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ሌላም ነገር አይተዋል፤ ከብት ሲገባ ችግኙ ይበላል፣ ይረገጣል። ሲታጠር ግን የሚተርፈው ይበዛል። ተራ የድንጋይ አጥር እኮ ነው!

ይሄ ከአርዲቦ ጋር ምን አገናኘው? የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ተፈጥሯዊ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሎጎ ነው። ሎጎ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ከተራቆተ ተዳፋት ታጥቦ የገባ አፈር እዚያው ይቀራል። ዛፍ ባለበት የዝናቡን ጉልበት ቅጠሉ ይሰብረዋል፣ የረገፈው ቅጠል ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ባሕር ዛፍስ? ቶሎ ያድጋል፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ማን ያህለዋል! ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ተክል ብዙ ስለማይበቅልና ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ፣ በተዳፋት ላይ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

ስትሄዱ ታላላቆቹን ዛፎች ብቻ አንጋጣችሁ አትመልሱ፤ ወደ መሬትም ተመልከቱ። የቅጥሩን አባቶች አስፈቅዱና ከአጥሩ ውስጥ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ከአጥሩ ውጭም ያንኑ ያህል ለኩ። ከጉልበታችሁ በታች የሆነ የወይራ፣ የጽድ ወይም የዋንዛ ችግኝ በየትኛው ስንት አለ? ሽማግሌ ዛፍ ሞልቶ ችግኝ ከሌለ ደኑ ታሟል። አትንቀሉ፣ ቁጠሩ ብቻ። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት፤ በዓመቱ ስትመለሱ እዚያው ቦታ ላይ ድገሙት።