ጣናን በጀልባ ተሻግሮ በአውቶቡስ መዞር

ባህር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡብ ጫፍ፣ ጎርጎራ ደግሞ በሰሜን ጫፍ ተቀምጠዋል። በውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና የያዘ ሰው ግን ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ፣ ከጎንደር ደጃፍ ከአዘዞ ደርሶ፣ ከዚያ በደምቢያ ሜዳ ቁልቁል ታጥፎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለበት። አንዱን አቅጣጫ በጀልባ፣ ሌላውን በአውቶቡስ የሚያስኬደው፣ በአስጎብኚ የሚመራው ጉዞ የተሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በጣና ላይ የሚደረጉ ጉዞዎች አብዛኞቹ አጭር ናቸው፤ ከባህር ዳር ተነስቶ ዘጌን አይቶ ለምሳ መመለስ። ጊዜ ለሌለው ሰው ያም መልካም ነው። ሙሉው ዙር ግን የራሱ ትምህርት አለው። ጀልባው የሚያሳየው ሐይቁ ለዘመናት ምን ሸሽጎ እንዳቆየ ነው፤ አውቶቡሱ የሚያሳየው ሐይቁ ራሱ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚያስጨንቀው ነው። አንደኛውን ብቻ ያየ ሰው የጣናን ወሬ በግማሹ ይዞ ይመለሳል።

ማለዳ የሚነሱበት ምክንያት

ጀልባ ነጂዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደብ እንገናኝ ሲሉ ተጓዥን ለማስቸገር አይደለም። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ዐለት በደቡብ በኩል የውሃውን መውጫ ሲገድበው ነው፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ታች ከመጥለቅ ይልቅ ወደ ጎን ተንጣለለ። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ጸጥ ያለው ጣና ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ትንሽዋን ጀልባ ያንገጫግጫታል፣ ተሳፋሪውን በውሃ ያርሰዋል። ጉዞው ጠዋት በጀልባ፣ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ የሆነው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ሆዱ የሚታወክ ተጓዥ ይበዛ ነበር።

ሌላው ከተጓዡ ዓይን የሚሰወረው ነገር አውቶቡሱ ነው። ጀልባው ከባህር ዳር ሲለቅ፣ ሾፌሩም ሚኒባሱን ወይም ኮስተሩን ባዶውን ይዞ በአስፋልቱ ይነሳል። ሰዎቹ በውሃው ሲያቋርጡ እርሱ ሐይቁን ይዞራል፤ ጎርጎራም ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። የጉዞው ዋጋ ከፍ የሚለው በከፊል በዚህ ባዶ ጉዞ ምክንያት ነው። ጀልባውም የሚከራየው በኮንትራት ነው። ሦስት ሰው ቢሳፈርበትም አሥር፣ ያንኑ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ዙሩ የሚያዋጣው በቡድን ለሚሄድ ነው። ከመነሳት በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎችም አጫጭር ናቸው፤ የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም ሰው አለ? የገዳማቱ መግቢያ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል? መኪናው የሚጠብቀን የት ነው?

ውሃው የሸሸጋቸው

ጀልባው ወደቡን ለቆ ብዙም ሳይሄድ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ይታያሉ፤ ክብራን ገብርኤልና እንጦንስ ኢየሱስ። ክብራን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። እንጦንስ ደግሞ የመነኮሳይያት ነው። ይህ ልዩነት ለጉዞው ዕቅድ ወሳኝ ነው፤ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ቡድን ሁሉም ገብቶ የሚያያቸውን ገዳማት አስቀድሞ መምረጥ አለበት። ልምድ ያለው አስጎብኚ ሴት ተጓዦችን ጀልባ ላይ ትቶ ወንዶቹን ብቻ ይዞ አይወርድም። ለሁሉም ክፍት የሆኑትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና ናርጋ ሥላሴን ያስቀድማል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለችው በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ከጀልባው ከወረዱ በኋላ በቡና ጫካ ውስጥ አቀበት ይወጣል። ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ ሞፈር የማይገባባት ምድር ናት። እንደ አካባቢው ትውፊት ይህን ያስከለከሉት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ለሕዝቡም በእርሻ ፈንታ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጠው ይባላል። በጣና ዙሪያ ያለው ደን በአመዛኙ ሲመነጠር የዘጌ ደን የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው። ዛፉን ያዳነው ቡናው፣ ቡናውን ያዳነው ቃለ ውግዘቱ ነው ማለት ይቻላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማ አውልቆ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ የሚገባ ሰው በመሃል ካለው ከአራት ማዕዘኑ መቅደስ ፊት ይቆማል፤ ግድግዳዎቹና ረጃጅም በሮቹ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ናቸው። ሥዕሎቹ የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ዋና አደጋቸውም እርጥበትና የፎቶግራፍ ብልጭታ ነው፤ ስለዚህ ብልጭታ ማጥፋት ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ከባህር ዳር አብሮ የመጣው አስጎብኚ ዝም ይልና የቦታው ሰው ይናገራል። ተጓዥም መነኩሴውን አባ፣ መነኩሲቷን እማሆይ ብሎ ከጠራ በኋላ ጥያቄውን ቢያቀርብ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ከዘጌ ወደ ሰሜን ሲቀጠል ዳርቻው ይርቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደቅ ነው። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬዎች የሚኖሩበት፣ ከብት የሚግጥበት። በስተ ምዕራብ ጠርዙ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ከሥዕሎቹ በአንደኛው እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥለዋል። ከደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ብቻ ገዳም ነው፤ ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት ዐፅም ያረፈው እዚያ ነው። ነገሥታቱ መቃብራቸውን፣ ገዳማቱም ብራናዎቻቸውን ወደ ደሴት ያሸሹበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፈረሰኛ ጦር ውሃ አይሻገርም።

ያንን ውሃ ለዘመናት የተሻገረው ታንኳ ነው፤ ደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና፣ በረጅም እንጨት የሚቀዘፍ። ታንኳ ማሰር የወይጦ ማኅበረሰብ ጥንታዊ ሙያ ነው። ደንገሉ ውሃ ሲመጥ ስለሚከብድ ታንኳው ፀሐይ ላይ እየወጣ ይደርቃል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር ‹‹ራ›› የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነበር። ዛሬ ከሞተር ጀልባው ጎን ማገዶ ወይም አሳ ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው ከታየ፣ ያ ሰው ለፎቶ የተዘጋጀ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

ጎርጎራ፣ ወደብ የነበረችው

ጎርጎራ ላይ ከጀልባ ይወረዳል። የዛሬዋን ትንሽ ከተማ ያየ ሰው አንድ ጊዜ የመንግሥት ማዕከል እንደነበረች ለማመን ይቸገራል። ዐፄ ሱስንዮስ ከተማቸውን በዚህ አካባቢ አድርገው ነበር። ካቶሊክነትን እንዲቀበሉ ያግባባቸው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚሁ ነው። ኢየሱሳውያን የሠሩት የማርያም ግንብ ፍርስራሽ ከከተማው ወጣ ብሎ በውሃው ዳር ይገኛል። ከከተማው ያለችው ደብረ ሲና ማርያም ደግሞ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿን እንደያዘች ነው። ጊዜ ያጠረው ቡድን ከሁለቱ ደብረ ሲናን ይመርጣል፤ ለምሳው አሳ እስኪጠበስ አይቷት ይመለሳል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎርጎራ የጎንደር ወደብ ሆነች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ትልቁ ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባህር ዳር ተነስቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እያለ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግስቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። እህል፣ ቡና፣ ፍየልና ሰው አብረው ይጫናሉ። በምሥራቁ ዳርቻ አስፋልት ከተዘረጋ ወዲህ ግን ባህር ዳርና ጎንደር በሦስት ሰዓት መንገድ ተገናኙ፤ ጭነቱም ወደ መኪናው ዞረ። ጀልባው የቀረው ሌላ መንገድ ለሌላቸው የደሴትና የምዕራብ ዳርቻ ሰዎች ነው። በ‹‹ገበታ ለሀገር›› ፕሮጀክት ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የጎርጎራ ሪዞርት ለከተማዋ ሌላ ዓይነት እንግዳ ለማምጣት የታሰበ ነው።

መንገዱ የሚገልጠው

ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ በጯሂትና በቆላ ድባ አድርጎ ወደ አዘዞ ይወጣል። ይህ ደምቢያ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ ጤፍና ሽንብራ፤ ለጎንደር ነገሥታት ጎተራ የነበረ ሜዳ። መገጭ ወንዝ ከጎንደር በኩል ወርዶ ይህን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና ይገባል። ከአዘዞ ወደ ደቡብ ሲዞሩ ማክሰኝትን፣ እንፍራንዝንና አዲስ ዘመንን አልፈው ርብ ወንዝ ይደርሳሉ። ከዚያ ወረታ፣ ቀጥሎ ጉማራ ወንዝ፣ ሐሙሲት፣ ባህር ዳር። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለውን ግልገል አባይን ሲጨምሩ ከወንዞች ወደ ጣና የሚገባው ውሃ አብዛኛው የእነዚህ የአራቱ ነው። ተጓዡ ጠዋት የተሻገረበትን ውሃ ከሰዓት በኋላ በየድልድዩ ሥር ሲመጣ ያየዋል።

አስጎብኚው ብዙ መናገር ያለበት እዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ተጓዡ ደክሞታል ብለው ዝም ይላሉ። በወረታ ዙሪያ ያለውን የፎገራን ሜዳ የሸፈነው ሩዝ በደርግ ዘመን የገባ ሰብል ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሌላ እህል ስለማይችለው ገበሬው ሩዙን አጥብቆ ያዘው፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ነው። የፎገራ ከብት ለወተቱ የታወቀ ነው፤ ድሮ ይሰማራበት የነበረው ረግረግ ግን እየታረሰ ጠብቧል። ከደጋው ተጠርጎ የሚመጣው አፈርና ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያም መጨረሻቸው ሐይቁ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እጅግ የበረታው በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። እምቦጭ ምግቡን የሚያገኘው ወንዞቹ ከሚያመጡት ነው።

አሳውም ከእነዚሁ ወንዞች ጋር የተሳሰረ ነው። በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ፣ ከዚህ ሐይቅ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን አሳ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውንም ትውልድ ነው።

መቼ፣ እንዴት፣ ከማን ጋር

ሐይቁ እጅግ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ያኔ ምድሩ አረንጓዴ፣ ውሃው ግን ከአፈር የተነሳ ደፍራሳ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ይጠራል፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም በዳርቻው ረግረግ ይሰፍራሉ። ዙሩን ሙሉ በአንድ ቀን መጨረስ የሚፈልግ ከዘጌና ከናርጋ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ሁለቱንም የሚሻ ጎንደር አድሮ በማግስቱ በፎገራ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱም ውሃውም እንደ ወትሮው አይደሉም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የዕለቱን ሁኔታ በቦታው ካለ ሰው መጠየቅ ቀዳሚው ጉዳይ ነው።

የገዳማቱን ታሪክ በቃሉ የማያውቅ አስጎብኚ ባህር ዳር ላይ አይገኝም። ስለዚህ አስጎብኚ የሚመርጥ ሰው ስለ ነገሥታቱ ባይጠይቀው ይሻላል። ርብ ከየት እንደሚነሳ፣ ዘንድሮ እምቦጩ የት እንደ ደረሰ፣ አሳ በየትኛው ወር እንደማይጠመድ ይጠይቀው። ይህን አጥርቶ የሚመልስ ሰው በጀልባውም በአውቶቡሱም ላይ የሚናገረው አያጣም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ ለእርሱ ይገባዋል።