እርሻን በግንቦት መጎብኘት

ከከተማ ወጥቶ ገጠር ላይ ጎጆ የመቀለስ፣ አንድ ሁለት ላም የማሰርና ጓሮውን በአትክልት የመሙላት ሐሳብ ያደረበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የሌላውን እርሻ በማየት ነው። ሐሳቡ ጡረታ በወጣውም፣ በቢሮ ሠራተኛውም፣ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለመመለስ በሚያስበውም ዘንድ አለ። የአዲስ አበባ ሰው ከሆነ መንገዱ ይታወቃል፤ በምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሆለታ፣ በሰሜን ወደ ሱሉልታ፣ ወይም ወደ ሰበታና ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። የሚሄድበት ወቅትም ይታወቃል። መስከረም ነው፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ፣ ላሞቹ ለምለም ሣር ሲግጡ።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በመስከረም ደካማ እርሻ አይታይም። ምንጩ ይሞላል፣ ሣሩ ገንዘብ አያስወጣም፣ ከብቱ ሁሉ ወዝ ያለው ይመስላል። ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ የሚሆነው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ዋጋውም ያኔ ይቀላል። ከዚያ ወር በወር እየወጣ ሄዶ ክረምት ሊገባ ሲል ጣሪያ ይነካል። በግንቦት የሄደ ጎብኚ ታዲያ ማንንም ሳይጠይቅ ብዙ ነገር ያያል። የድርቆሹ ክምር ገና ወገብ ድረስ ከደረሰ ባለቤቱ በኅዳር አስቦ የገዛ ሰው ነው። ክምሩ አልቆ ላሞቹ የጤፍ ጭድ ብቻ ከተጣለላቸው ግን ወተቱ ለምን እንዳነሰ ማብራሪያ አያሻም።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። የምትታለብ የተሻሻለ ዝርያ ላም በቀን 60 ሊትር ውሃና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። አምስት ላም ላለው ሰው ይህ ቢያንስ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 15 ማለት ነው፤ በረቱን ማጠቢያውና ጓሮውን ማጠጫው ሳይቆጠር። ይህን ውሃ በበጋ መጨረሻ ማን፣ ከየት፣ በምን እንደሚያመጣው አይቶ ያልተመለሰ ሰው እርሻውን ጎበኘሁ ባይል ይሻላል።

ጎብኚውን ይበልጥ የሚስበው ላሟ ናት፤ ሂሳቡም የሚከብደው የእሷው ነው። የአገር ውስጥ ዝርያ ላም በቀን ከ2 ሊትር ብዙም አትሰጥም። ከሆልስታይን ፍሪዥያን ጋር የተዳቀለችው ብዙ እጥፍ ትሰጣለች፤ ይሁን እንጂ ፉርሽካና ፋጉሎ ካልታከለላት ደሟ ብቻውን ወተት አይሆንም። በተለምዶ ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ እንዲህ ያለ ድጉስ መኖ ይታሰባል። ከመውለዷ በፊትም 2 ወር ያህል ትነጥፋለች፤ መኖዋ ግን አይነጥፍም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የአገሩን የወተት ገበያ የሚገዛው ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የጾሙ ቀን በዓመት ከ180 ይበልጣል፤ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ላም ግን አትጾምም። በእነዚህ ቀናት ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ባለእርሻውም ቅቤና አይብ አውጥቶ ፋሲካን ይጠብቃል። የቆዩት ባለእርሻዎች ዘዴ አላቸው። የላም እርግዝና 280 ቀን ገደማ ስለሆነ በሐምሌ መጀመሪያ ያረገዘች ላም በሚያዝያ አጋማሽ ትወልዳለች። የምትነጥፍባቸው ሁለት ወራት በአብዛኛው ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ፤ ወተቷ የሚመጣውም ፋሲካ ሲደርስ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ በረት ደጃፍ ቆሞ መስማት ይቀላል።

ዶሮ በቀላሉ የሚጀመር ይመስላል። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ 100 ዶሮ አንድ ኩንታል በ9 ቀን ውስጥ ይጨርሳል ማለት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የገዛ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው አምስት ወር ገደማ ከቀለበ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎች የ45 ቀን ጫጩት ወይም ለመጣል የደረሰ ቄብ መግዛት የሚመርጡት። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ የዶሮ አርቢዎች እንግዳን ወደ ዶሮ ቤቱ አለማስገባታቸው አንዳንዱን ጎብኚ ያስከፋዋል። መከፋት አይገባም። ፈንግል በጫማ ተሸክሞ ሊገባ የሚችል፣ ያልተከተበን መንጋ በጥቂት ቀናት የሚጨርስ በሽታ ነው። በሩ ላይ የእግር መንከሪያ ያስቀመጠና ሰው የሚመልስ ባለቤት ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ የሚያሳስበው በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍተው ነው።

ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ዋናው ጥያቄ ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ቢሾፍቱ ያየውን አቮካዶ 2,800 ሜትር ላይ ባለው ደብረ ብርሃን የሚተክል ሰው ችግኙን ለውርጭ ያስረክባል። በዚያ ከፍታ የሚያዋጣው ብርድ የሚፈልገው ፖም ነው፤ የጋሞ ደጋዎች፣ በተለይም ጨንቻ፣ ለዚህ ምስክር ናቸው። አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ዋልካ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ፍራፍሬ አይወደውም። ነገር ግን ያቆየው እርጥበት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሽምብራ ያሳድጋል። በታኅሣሥ ያለ ዝናብ አረንጓዴ ማሳ አይቶ የሚደነቅ የከተማ ሰው የሚያየው ይህን ነው። በሆለታ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ይፈልጋል።

ሕልሙ ላምን፣ ዶሮንና ጓሮን አንድ ላይ ማቆራኘት ከሆነ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ በሥሩ ቡና፣ በቤቱ ጎን ከብት፣ የከብቱም ፋንድያ ተመልሶ ለእንሰቱ የሚሆንበት አኗኗር የቆየ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። ይህን ዓይነት ጓሮ የሚያይ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ጊዜውን ነው፤ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።

አጠያየቅም ማወቅ ያሻል። በብዙ ቦታ የከብት ቁጥር መጠየቅ ነውር ነው፤ ሲታለብ ባዕድ ዓይን እንዲያይባቸው የማይወዱ ቤቶችም አሉ። ወሩ በገባ በ12፣ በ21 ወይም በ29፣ ወይም በእሑድ የሄደ ሰው አርሶ አደሩን ለወግ ያገኘዋል፤ ሞፈሩ ግን ተሰቅሏል። ሁለቱንም ለማየት ሁለት ቀን መሄድ ነው። ከጥያቄ ሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ «ምን ታመርታላችሁ?» የሚለው ሳይሆን «ዓምና ምን ሞተባችሁ?» የሚለው ነው፤ ቡና ከተጠጣ በኋላ እንጂ እንደደረሱ አይጠየቅም።

የመሬቱ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊጣራ ይገባል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል፣ ውሉም በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። «መሬት እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለውን ነው። በሦስት ዓመት ኪራይ ላይ የተዳቀለ አቮካዶ መትከልም ፍሬውን ለአከራዩ መተው ነው፤ ዛፉ በደንብ ማፍራት የሚጀምረው ኪራዩ ሲያልቅ ነውና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ቤቱ ማን ይውላል? ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፣ በገናም በጥምቀትም። እርሻውን ለዘበኛ ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የዘበኛውን እርሻ ነው። ከተማ ማደር ግድ ለሆነበት ሰው የሚሻለው ንብ ነው። የመጀመሪያው ማር ብዙ ቦታ የአደይ አበባውን ማለፍ ተከትሎ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይቆረጣል፤ ሁለተኛው በግንቦትና በሰኔ።