አየር አልባዎቹ ጎረቤታሞች

እ.ኤ.አ. በ2006 ከጃፓን ጠረፍ ወዲያ፣ 2,533 ሜትር ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል ጭቃ ተዝቆ ወጣ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሂሮዩኪ ኢማቺና ባልደረቦቹ ከዚያ ጭቃ ውስጥ አንዲት ረቂቅ ተሕዋስ ለይተው ለማሳደግ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ውጤቱ በጥር 2020 በ«ኔቸር» መጽሔት ሲወጣ የሳይንስ ዜና ጸሐፊዎች የተቀባበሉት የዘር ሐረጓን ነበር። አስጋርድ ከሚባሉት አርኬያዎች ወገን ናት፤ እነዚህ ደግሞ ሕዋሱ ኒውክሊየስ ላለው ፍጥረት ሁሉ፣ ለሰውም ለጤፍም ለእርሾም፣ የቅርብ ዘመድ ናቸው። በ2022 መጨረሻ የቪየና ዩኒቨርሲቲዋ ክሪስታ ሽሌፐር ቡድን ከስሎቬንያ የባሕር ዳርቻ ጭቃ ሁለተኛዋን ሲያሳድግም ወሬው ያው የቅድመ አያት ወሬ ሆነ። የዘር ቆጠራው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ከሁለቱ ሥራዎች ይበልጥ ሊታይ የሚገባውን ሸፍኖታል። ሁለቱም ብቻቸውን አልተገኙም። የጃፓኗ አሚኖ አሲድ እየበላች ከ14 እስከ 25 ቀን ባለው ጊዜ አንዴ ትከፈላለች፤ የምታወጣውን ሃይድሮጂን ከሚበላላት ሚቴን ሠሪ ጎረቤቷ ግን የሚለያት አልተገኘም። የቪየናዋም እንዲሁ ከነአጃቢዎቿ ነው የምትኖረው። ያለ አየር የሚኖሩ ተሕዋስያንን የሚያጠናው ዘርፍ ስሙን ያወጣው ከሚጎድለው ነገር፣ ከኦክስጅን ነው። በእኔ ግምት ግን የነዚህን ፍጥረታት ኑሮ ይበልጥ የሚወስነው ከምግባቸው የሚፈታውን ኤሌክትሮን የሚረከብ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ተረካቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው።

የስያሜው ባለቤት ሉዊ ፓስተር ነው። በ1861 ቡቲሪክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በጠብታዋ ዳር አየር የነካቸው ደንዝዘው መሐል ያሉት ግን ሲዋኙ አየ። ያለ አየር መኖር የሚለው ፍች ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰደደ። የኃይሉ ሒሳብ ለአንባቢ አዲስ አይሆንም፤ አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በኦክስጅን ሲቃጠል 30 ገደማ ኤቲፒ ያስገኛል፣ ተብላልቶ ብቻ ሲፈርስ ሁለት። በመካከሉ ናይትሬት፣ ብረት፣ ሰልፌት የሚተነፍሱ አሉ፤ እያንዳንዳቸው መጽሐፍ ይወጣቸዋል፣ ለዚህ ክርክር ግን የኦክስጅን ምትክ ተረካቢዎች መሆናቸው ይበቃል። ኦክስጅን ለእነዚህ ወገኖች መርዝ ብቻ ነው የሚለው እምነትም እንደ ቀድሞው አልጸናም። በ1971 ማኮርድና ፍሪዶቪች አየር የማይችሉ ባክቴሪያዎች የሚሞቱት ሱፐሮክሳይድን የሚያመክነው ኢንዛይም ስለሌላቸው ነው ብለው ነበር። ቆይቶ ኢንዛይሙ ከብዙዎቹ ዘንድ ተገኘ። በ2004 ደግሞ በአንጀታችን የሚኖረው፣ መጻሕፍት ፍጹም አየር ጠል ብለው የመዘገቡት ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ እጅግ በሳሳ ኦክስጅን ውስጥ ማደግ ብቻ ሳይሆን እንደሚጠቀምበትም ታየ። ታዲያ «ፍጹም» የሚለው ቃል የመጣው ከፍጥረቱ ነው ወይስ ከቤተ ሙከራው ብልቃጥ?

የጎረቤትነቱን ነገር ያስተማረን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታወቅ የቆየ ስሕተት ነው። ሆራስ ባርከር ኤታኖል በልቶ ሚቴን የሚያወጣ ባክቴሪያ ለየሁ ብሎ በሩሲያዊው ተመራማሪ በኦሜሊያንስኪ ስም ሰይሞት ነበር። ንጹሕ ዝርያ ነው ተብሎ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ዞረ፤ የሚቴን አሠራር ጥናትም በእሱ ላይ ቆመ። በ1967 ማርቪን ብራያንት፣ ራልፍ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ግን አንድ የተባለው ሁለት መሆኑን አሳዩ። አንደኛው ኤታኖሉን ወደ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጂን ይለውጣል፤ ሁለተኛው ሃይድሮጂኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ሚቴን ያደርገዋል፣ ኤታኖል ግን አይነካም። ለብቻቸው ሲደረጉ የመጀመሪያው ጥቂት አድጎ ይቆማል፤ የሚያንቀው ራሱ ያወጣው ሃይድሮጂን ነው። ምክንያቱ ከሕይወት ጥናት ይልቅ ከፊዚክስ ይቀርባል። ኤታኖልን ወደ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጂን መለወጥ በተለመደው መለኪያ ኃይል ያስከፍላል እንጂ አያስገኝም፤ ሃይድሮጂኑ እጅግ ሲሳሳ ብቻ ሒሳቡ ተገልብጦ ትርፍ ይሆናል። የሚያሳሳው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይረዳል ማለት አንሶ የሚገልጽ ነው፤ ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ምግብ ምግብ አይደለም።

ለዚህ አስተያየት ጠንካራው ተቃውሞ ከሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ ይነሣል። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ከሌሎች ተለይቶ አይበቅልም የሚሉ ምሁራን በዘመኑ ነበሩ። በዚያ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በ1889 የታማሚ ቁስል መግል ያበቀለበትን ማሳደጊያ እስከ 80 ዲግሪ አሙቆ ስፖር የሌላቸውን ገደለ፤ የተረፈውን በሃይድሮጂን በተሞላ ዕቃ ለብቻው አሳደገው። በማግስቱም ዓመት ከቤሪንግ ጋር ያወጣው የፀረ መርዝ ሕክምና ጥናት የዚያ ፍሬ ነው። «አይለይም» ማለት የሰነፍ ባለሙያ ማመካኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም፤ ነገ አንድ ብልኅ ሰው የጃፓኗን አርኬያ ለብቻዋ ቢያሳድግስ? ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ልዩነቱ ያለው ግን ከምግቡ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ሀብታም ምግብ አግኝቶ ኤሌክትሮኑን በዚያው ምግብ ፍራሽ ላይ የሚያራግፍ ነው። ቆጮን በኮባ ጠቅልለው፣ አየር እንዳይገባ በድንጋይ ተጭነው ጉድጓድ ውስጥ የሚያቆዩ እናቶች የሚያሠሯቸው ላክቲክ አሲድ ሠሪዎችም እንዲሁ ራሳቸውን ችለው ያድራሉ። ጎረቤት የግድ የሚሆነው ትርፉ ሲሳሳ፣ ሌላው በልቶ የተወው ብቻ ሲቀር ነው። ከምድር በታች ያለው ጭቃ አብዛኛው እንዲህ ያለ ገበታ ነው።

ክርክሩ ከጭቃ ወጥቶ ወደ በረት ሲገባ ይበልጥ ይጠናል። ሮበርት ሃንጌት አየር የማይነካው የማሳደጊያ ዘዴውን ይዞ ወደ ላም ጨጓራ ከገባ ወዲህ፣ በአብዛኛው ላሟን የሚመግባት ገለባው ራሱ ሳይሆን ተሕዋስያኑ ከገለባው የሚያወጡት አሲድ መሆኑ ታውቋል። ሃይድሮጂኑን የሚያነሡት ሚቴን ሠሪዎች ናቸው፤ ከበላችው ኃይል ከ2 እስከ 12 በመቶው በግሳት ይወጣል። የባዮጋዝ ማብላያ ያለው ገበሬም ይህንኑ ሰንሰለት በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ጉድጓዱ ከአቅሙ በላይ ሲመገብ አሲድ ሠሪዎቹ ሚቴን ሠሪዎቹን ቀድመው ይሮጣሉ፣ ይኮመጥጣል፣ ምድጃውም ይጠፋል። ያም ሆኖ የእኔን ክርክር የሚፈታተን ማስረጃ ከዚሁ በረት ተገኝቷል። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ላሞች የፈቀደው 3-ናይትሮኦክሲፕሮፓኖል የተባለ መኖ ጭማሪ ሚቴን የሚለቀቅበትን የመጨረሻ ኢንዛይም ይዘጋል። ሚቴኑ በ30 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ጨጓራው አልቆመም፤ ከፊሉ ሃይድሮጂን በግሳት ወጣ፣ ከፊሉ ኤሌክትሮን ወደ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ዞረ። አንዱ ጎረቤት ሲታሰር ሌላ በር ተከፈተ ማለት ነው፤ በረሃብተኛው የባሕር ጭቃ ውስጥ ያ በር የለም። ጭማሪው ግን ከመኖ ጋር ዘወትር መቀላቀል አለበት፣ ገለፈቱ በበዛ መኖ ላይም ኃይሉ ይቀንሳል። በገለባና በግጦሽ የሚያድሩት፣ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡት የደጋ ከብቶቻችን በየትኛው ሰዓት፣ በምን መኖ ያገኙታል የሚለውን ገና የመለሰ የለም።