በደሴ መንገድ ዳር ያሉ ሠፈሮች

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣውን መንገድ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ለዕረፍት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ደሴ ስንሔድ በእንቅልፍና በሐሳብ እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ የከተማችንን አስተዳደግ ገልጦ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ከአንባቢያን ጋር ረጋ ብለን ልንወጣው አስበናል።

በመንገዳችን የቀበናን ወንዝ እንሻገራለን፤ ስሙ በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ከዚያ በስተ ግራ የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ይታያል። ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ለመንግሥታት መልእክተኞች በእንጦጦና በየካ ተራሮች ግርጌ ቦታ ሰጡ። በዚህም ምክንያት እንግሊዝ ኤምባሲ፥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባሉት ሠፈሮች እስከ ዛሬ በእንግዶቻቸው ስም ይጠራሉ። ከበላይ በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከመንገዱም ከኤምባሲዎቹም በፊት የነበረ ነው።

ቀጥሎ ሾላ ገበያ፥ ከዚያም መገናኛ ይደርሳል። መገናኛ እንደ ስሙ ነው፤ አንዱ መንገድ በጉርድ ሾላ ወደ አያት ሲታጠፍ፥ ሌላው በላምበረትና በኮተቤ ወደ ካራ ይወጣል። እነዚህን ስሞች ልብ ብለን እንስማቸው። ሾላ ዛፍ ነው፤ ላም በረት የከብት ማደሪያ ነው፤ ካራ በኦሮምኛ መንገድ ነው። ዛሬ በላምበረት የሚያድረው ላም ሳይሆን ወደ ሰሜን የሚሔድ አውቶቡስ ነው። ስሙ ግን ከብቱ ከሔደ በኋላም የቦታውን ታሪክ ይመሰክራል።

መንደር እንዴት ሠፈር ይሆናል? መልሱ ከመንገዱ ይገኛል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ሠሩ። መኪና የሚቆምበት ሥፍራ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ ሻይ ቤቱ ሱቅን፥ ሱቁም ገበያን ይጠራል። በከተማው መካከል የቤት ኪራይ ሲወደድ ደመወዝተኛው ታክሲ ወደሚደርስበት ዳር ይወጣል። ያን ጊዜ መሬቱ በእህሉ ሳይሆን ለአስፋልት ባለው ቅርበት ይገመታል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር እስከ አያት ሲዘረጋም ቤቱ ሐዲዱን ተከትሎ ሔደ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቤቶች በዋና መንገዶች ግራና ቀኝ እንደ መቀነት እየተዘረጉ ስላስቸገሩ፥ በ1935 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ፤ ከተመደቡ መንገዶች መካከል በ220 ጫማ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ መሥራት ተከለከለ። እዚያ ያሳሰበው የመንገዱ መጨናነቅና የገጠሩ ውበት ነበር። እኛን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ሰው ነው።

ከተማ አንድ እርምጃ በገፋ ቁጥር በመጨረሻ የቆመውን ሰው ይገፋዋል። ገበሬው ካሳውን ይቀበላል፤ ገንዘቡ ያልቃል፥ እርሻው ግን አይመለስም። ከማሳው ላይ በተሠራው ቤት ዘበኛ ሆኖ ቢቀጠር ዕድለኛ ይባላል። ኪራይ ሸሽቶ ከከተማ የወጣውም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፥ ባለቤቶቹ ለዓመታት ኖረንበታል፥ ግብር ከፍለንበታል ብለው አልቅሰዋል። ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ደግሞ ከመንገዱ የሚያገኙት ጥቅም ቁልቁለቱ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማት ሰፍቷል፥ አምሯልም። መንገድ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን መንገድ ሲታቀድ ዳሩ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሔድ አብሮ ይታቀድ ዘንድ መጠየቅ የተማረ ሰው ዕዳ ነው።

ስለዚህ የሕግም፥ የምህንድስናም፥ የጂኦግራፊም ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ደብተራችንን ይዘን ከላምበረት እስከ ካራ እንውጣ። በረቱ የት እንደ ነበረ፥ የማንስ እንደ ነበረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍ።